ማንም ሳይሞት የተተከለች ድንኳን

እስቲ ያቺን ድንኳን እዩዋት። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ስትወርዱ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጎን የተተከለችውን። አዲስ አይደለችም። አረንጓዴነቷን ፀሐይ ልጦ ወስዶታል፤ ገመዷ ተቋጥሮ ተቋጥሮ ገመድ መሆኑ ቀርቶ ቋጠሮ ብቻ ሆኗል። አንድ ጎኗ ላይ የነጠላ ወርድ የሚያህል ሰማያዊ ጨርቅ ተጥፎባታል። ድሮ የከሰል ምድጃ ያቃጠላት ጊዜ ጀሚላ የምትባል ጎረቤታችን የገዛ ቤቷን መጋረጃ ቀድዳ ነው የጣፈችው። ውስጧ ስድስት አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው የተቀመጠው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

ከድንኳኗ ፊት ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን ቀስረው ቆመዋል። አንደኛው ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «ክፍል ስንት ነው?» አለ።

ውስጥ የሚለቀስለት ሰው በለጠ ይባላል። የእውነት ሞቷል። የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ያቺን ድንኳን ሠላሳ ዓመት ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ ለማን ሞት ስንት ወንበር እንደሚበቃ በልቡ ሲያውቅ የኖረ ሰው። ለእሱ ሲሆን ስድስት ወንበር በዛ። ለምን እንደበዛ እንድታውቁ ስለ ኢሳ ልነግራችሁ ነው። ትዕግሥት ካላችሁ ስሙ፤ ከሌላችሁም ስሙ፤ እኔም የለኝም።

ኢሳ ዓብዱልሀኪም አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራው ድምፅ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ ስታዩ ተዋናዩን ታውቁታላችሁ፣ የዳይሬክተሩን ስም ታነባላችሁ። ያ ሁሉ ንግግር ጆሯችሁ ድረስ እንዲደርስ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክ አስሮ፣ ሄድፎን ደፍቶ፣ ክንዱ እስኪዝል ከሰው ራስ በላይ ይዞ የሚቆመውን ሰው ግን አታውቁትም። እሱ ነው።

አባቱ ከወሎ መጥቶ ካዛንቺስ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ቤታቸው ከብርነሽ ቤት ጋር የተያያዘ ነበር፤ መሃላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ። ብርነሽ ከጎንደር የመጣች ክርስቲያን ናት፤ የኢሳ እናት ያቺው መጋረጃዋን የቀደደችው ጀሚላ ናት። ጀሚላ ግድግዳውን ሁለቴ ካንኳኳች «ነይ» ማለት ነው፤ ሦስቴ ካንኳኳች «ኢሳ አንቺ ጋ ነው?» ማለት ነው። ልጁ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ብርነሽ ቤት ውስጥ ምን እንደሚወድቅ፣ ምን እንደሚሰበር፣ ማን ተንሸራቶ ማን እንደሳቀ ይለይ ነበር። ድምፅ የተማረው እዚያ ነው። የተማረበት ትምህርት ቤት ዛሬ ፈርሷል።

ከሰርግ ቪዲዮ ቤት ገመድ ጠቅላይነት ተነስቶ ነው ድራማ ውስጥ የገባው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። አንድ አመል አለው፤ የውሸት ድምፅ አይወድም። ኤዲተሯ ከኢንተርኔት የወረደ የውሻ ጩኸት ስታስገባ፣ «ይሄ የፈረንጅ ውሻ ነው። ካዛንቺስ ምን ይሠራል?» ይላል። ከዚያ ተነስቶ ሄዶ የሰፈር ውሻ ቀድቶ ይመጣል። ዝናብ ከፈለጉ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይጠብቃል እንጂ ሩዝ በትሪ ላይ አያስበትንም። ይስቁበታል። ይሳቁ! እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ይቺ ድራማ ግን እውነት ትመስላለች» ያላችሁት በማን ምክንያት መሰላችሁ?

የሚሠራበትን ተከታታይ ድራማ ስፖንሰር የሚያደርገው አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ነው። ስሙን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ በነጻ ላላስተዋውቅለት ነው። በዚያ ድራማ ውስጥ ሰው ሲጣላ ውሃ ይጠጣል፣ ሲታረቅ ውሃ ይጠጣል፣ ሚስቱን ሲፈታ ውሃ ይጠጣል። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ስሙ ወደ እናንተ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። እንዲህ የሚጠማው ቤተሰብ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ኢሳ ይሄን ሁሉ ችሎ ኖረ። «እኔ የማየውን አይደለም የምሠራው፤ የምሰማውን ነው» ይል ነበር። መሸሸጊያው ይቺ ነበረች።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ። ጀሚላ ከኢሳ ጋር ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ብርነሽ ገላን ሄደች፤ ሌላውም ሌላ ቦታ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ዕቃው ኡራኤል አጠገብ ከተረፈ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቁልፉ በለጠ ጋ። ያኔ አንድ ነገር ለመድን። ሰው ሲሞት ድንኳኗን እዚያው በድሮው ሰፈራችን ጫፍ እንተክላታለን። ያለፈ ሰው ሰማያዊውን ጨርቅ ከታክሲ መስኮት ያያል፣ ለሌላው ይደውላል፣ ሌላው ለሌላው። ለፋፊ የለንም። ለፋፊያችን ያቺ ሰማያዊ ጨርቅ ናት። ያያት ሰው «ማን ነው?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

ባለፈው ጥቅምት ድራማው ውስጥ አንድ አባት ሞተ። ፕሮዳክሽኑ ድንኳን ተከራየ፤ ነጭ ፕላስቲክ፣ ወንበሮቹ በሪባን የታሰሩ። ኢሳ አይቶ፣ «ይሄ የሰርግ ነው» አለ። ዳይሬክተሩ ሊካሳ፣ «ሪባኑን እንፈታዋለን» አለ። «ሪባኑ አይደለም። ፕላስቲክ ውስጥ የሚለቀስ ለቅሶና ሸራ ውስጥ የሚለቀስ ለቅሶ ድምፁ አንድ አይደለም። ሕዝቡ ያውቃል። አንድ ቀን ስጡኝ፣ እኔ የእውነቱን አመጣለሁ።»

ሰጡት። በለጠ ጋ ሄደ።

«ጋሽ በለጠ፣ ድንኳኗን ለአንድ ቀን ፈልጌ ነበር።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። ለድራማ ነው።»

«ታዲያ ተከራዩ። ከተማው ሙሉ ድንኳን አይደል?»

«የእነሱ ልክ አይመጣም ጋሽዬ። ድምፁ…»

በለጠ ሳቀ። «አባትህም እንዲሁ ነበር። ለአንዲት ሬዲዮ ሦስት ቀን አጎንብሶ፣ አንገቱ ተጣሞ ቀረ።» ከዚያ ሳቁን ዋጠና፣ «ሰው ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን መትከል ሟርት ነው ኢሳ። እኔ አልወደውም» አለ።

«አንድ ቀን ብቻ።»

ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ምን ይበሉት? ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «እሺ። ግን ሰማያዊው ጎን ወደ ጓሮ ይዙር። ከመንገድ እንዳይታይ። ሰማኸኝ? ያንን ያየ ሰው ይመጣል።»

«ይዞራል።»

ዞረም። ቅዳሜ ጠዋት ኢሳ ራሱ ቆሞ አስተከላት። ሰማያዊው ወደ ጓሮ፣ ልክ እንደተባለው። ከዚያ ሊካሳ መጣ፤ ዙሪያዋን ዞረ፤ ጓሮ ሲደርስ ጮኸ።

«ይሄን ማን ነው የደበቀው? ይሄ እኮ ነው ሾቱ! ይሄ ጨርቅ ብቻውን አንድ ክፍል ያወራል! አዙሩልኝ ወደ መንገድ። ብርሃኑም በዚያ በኩል ነው።»

«ሊካሳ፣ ያ ጎን…» አለ ኢሳ።

«ያ ጎን ምን?»

አርባ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ፀሐይ እየወጣች ነው። ነጩን ድንኳን አልፈልግም ብሎ ትናንት ሥራውን ሁሉ ያስቆመው እሱ ነው፤ ዛሬም ሊያስቆም ነው?

«ምንም» አለ።

ምንም! በዚች አገር ስንት ነገር የፈረሰው «ምንም» በምትባል ቃል እንደሆነ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

አራት ሰዓት ላይ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ኢሳ እዚያ አልነበረም፤ መኪናው ጋ የአንዷን ተዋናይ ማይክ ልብሷ ውስጥ እየደበቀ ነበር። ሊካሳ የገቡትን ሁሉ የራሱ አጃቢ ተዋናዮች መስለውታል። «ዛሬ ያመጣችኋቸው ኤክስትራዎች ጎበዞች ናቸው» ብሎ ረዳቱን አመሰገነ። ረዳቱም ምስጋናውን ተቀበለ፤ ማን ይጠላል? ለሽማግሌዎቹም ውሃ አደለ፤ ስሙ ወደ ካሜራ ዞሮ። አንዱ ሽማግሌ አባቱ የሞተበት ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ «እግዜር ያጥናህ ልጄ፣ ማን ነበር?» አለው። ተዋናዩ ልምምድ መስሎት፣ «አባቴ» አለ፤ አለቀሰም። ሽማግሌው አብሮት አለቀሰ። የማያውቀውን ሰው! በዚህ ሳቁ ብላችሁ ሳቁ፤ እኔ መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ሳቄ የቆመው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው።

ኢሳ ተመለሰ፣ ሄድፎኑን ደፋ፣ ዘንጉን አነሳ፤ ካሜራው እየቀረጸ ስለነበር አንገቱን ደፍቶ ማይኩን ብቻ እየተከተለ በሩ አጠገብ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ብርነሽ ገባች። ከገላን ሁለት ታክሲ ቀይራ ነው የመጣችው። ሰማኒያ ዓመት ሊሞላት ሦስት ዓመት ቀርቷታል። መንገድ ሙሉ «ማን ይሆን?» ስትል መጥታ፣ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ኢሳ ሆነ። ጀሚላ ደግሞ ስኳሯ ከፍ ብሎ እንደሰነበተ ታውቃለች። ሌላ ምን ታስብ?

«ኢሳዬ! ቀደመችኝ?»

ብላ ወደቀች። ከዚያ ሙሾውን አወረደችው፤

«ጀሚላ እህቴ የግድግዳዬ ጎን፣
ማን ያንኳኳልኛል ሲመሽ ግድግዳውን?
ግድግዳው ሲናድ አንቺ አለሽ ብዬ፣
ዛሬ ነው የፈረስኩ ጀሚላ ጓዳዬ።»

ሊካሳ ለካሜራው ሰው በእጁ «አታቁም፣ አታቁም» ይላል። ረዳቱ ጉልበቷ አጠገብ የውሃ ጠርሙስ አስቀመጠላት፤ እሱ እንኳ ለማስታወቂያ አልነበረም፣ አዝኖላት ነው።

ኢሳስ? ኢሳ የእናቱን ስም በሄድፎኑ ውስጥ ሰማ። እናቱ በሕይወት እንዳለች ያውቃል። ሮጦ ማንሳት ነበረበት። የሠራውን ግን እሱው ራሱ ነው የነገረኝ፣ ማንም አላወቀበትም ነበር፤ ማይኩን አንድ ክንድ ወደ አፏ አስጠጋው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ ነው። እጁ ጥሩ ድምፅ ሰማ፣ ተከተለ። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ቀዳት። ከዚያ ነው ዘንጉ ከእጁ የወደቀው።

«እትዬ ብርነሽ፣ እማ አልሞተችም።»

«ምን አልክ?»

«ደህና ናት። ጎተራ ቤቷ ናት። ይሄ ቀረጻ ነው፣ ድራማ።»

ቀና ብላ ካሜራውን አየችው። መብራቶቹን አየች። ጠርሙሱን አየች። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይሞት ነው ጉልበቴን የሰበርከው? አንተ ዱርዬ!» ትከሻውን በቡጢ አለችው፤ ሳቋና እንባዋ ተደባለቀ። «ደውል። ድምጿን ልስማ። ደውል ብያለሁ!»

ደወለ። ጀሚላ አነሳች። «ማነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አንቺ ሟች!»

«ማን? ብርነሽ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ?»

«አልቅሼልሽ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ብትሞቺ የምለው የለኝም፣ እወቂው።»

ከስልኩ ውስጥ የጀሚላ ሳቅ ድንኳኑን ሞላው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ያ ሳቅ አልተቀዳም፤ ማይኩ መሬት ላይ ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ብርነሽ ኢሳን ወደ ዳር ጠራችው። አሁን አትስቅም። «ያነሱት ነገር አለ?»

«አለ።»

«እንዳይታይ። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ደግ አይደለም። ለእግዜርና ለእሷ ያልኩት ነው፣ ለሰው አይደለም። ማልልኝ።»

«ወላሂ፣ አይታይም።»

ይሄ ነው ነገሩ። ሌላውን ብትረሱ ይቺን መሐላ አትርሱ።

ሰኞ ዕለት ፕሮዲዩሰሩ ሃይለአብ ቢሮው ጠራቸው። ኡራኤል አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊካሳ አለ፣ ኤዲተሯ ሀዊ አለች፣ ከውሃ ፋብሪካው የመጣች ልደት የምትባል ልጅ አለች። ልደት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ሥራዬ በቀለለ። ቅንጫቢዋን አይታ እንባዋን ጠራርጋለች።

«ማለቴ ኢሞሽኑ ሪል ነው» አለች። «ደግሞ ውሃው ፍሬሙ ውስጥ ነው፣ እኛ እንኳ አስቀምጡ ሳንል! በቃ፣ እኔ ይሄንን ለማኔጅመንት ካሳየሁ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ስፖንሰርሺፕ ይፈርማሉ። ፕሮሞውም ይሄው ይሁን።»

ሃይለአብ ወደ ኢሳ ዞረ። «የካሜራውን ድምፅ የጄኔሬተር ጩኸት በልቶታል። አንተ የቀዳህበትን ሜሞሪ እንፈልጋለን።»

«ሴትየዋ እንዳይታይ ብላለች» አለ ኢሳ። ይሄን ብሏል፤ እመሰክርለታለሁ።

«ታውቃታለህ አይደል? አስፈርማት። ደስ የሚላትን እናደርግላታለን።»

«አትፈርምም።»

«ኢሳ፣ አንተ እኮ ነህ ‹እውነት፣ እውነት› እያልክ ፀጉራችንን የነጨኸው! የፈረንጅ ውሻ አልፈልግም፣ የሰርግ ድንኳን አልፈልግም! ይኸው እውነት መጣልህ። አሁን ደግሞ እውነቱንም አልፈልግም ልትል ነው? ይሄ ምዕራፍ ካልተፈረመ አርባ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።»

ሃይለአብ ያለው ውሸት አልነበረም። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

 ኢሳ ያኔ ያለውን ስሙ፤ «ድምፁ የለም። ጮክ ብላ ስለነበር ተሰባብሯል። አይረባም።»

ሊካሳ ፊቱ ተለወጠ። «አንተ? አንተ ድምፅ አበላሸህ?»

«አበላሸሁ።»

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል ያላበላሸ ሰው እንዲህ አለ። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ «ወይ መሥዋዕትነት» ይላሉ፤ ስሙን ሰጠ፣ ክብሩን ሰጠ ይላሉ። እኔ አልልም! ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ አሁንም እጽፈዋለሁ፤ አልሰጥም ማለት ነበረበት። «አለኝ፣ አልሰጥም፣ ምያለሁ።» ሦስት ቃል! የተበላሸ ድምፅ ይጠገናል፤ እንቢ የተባለ ድምፅ ነው የማይጠገን። እሱ ግን በሩን ሳይዘጋ ሄደ። እነሱም ገቡበት። ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲደርስ ሀዊ ተከትላው፣ «ኢሳ፣ አልተበላሸም አይደል?» አለችው በሹክሹክታ። ደረጃውን መውረዱን ቀጠለ። እሷም ለማንም አልተናገረችም። እንግዲህ ዝም ያሉትን ቁጠሩልኝ።

ሐሙስ ዕለት ስቱዲዮ ተጠራ። ሥራው ሌላ ተዋናይ በብርነሽ አፍ ላይ እንድታለቅስ ማድረግ ነው። ተዋናይዋ ኪዱ ትባላለች፤ ወጣት፣ ጎበዝ። ስክሪኑ ላይ ብርነሽ ድምፅ ሳይኖራት ትጮኻለች። ኪዱ ከንፈሯን ታያለች፣ ትሞክራለች፣ ታቆማለች።

«ምንድን ነው የምትለው? ‹ጀ›… ‹ጀሚላ› ነው?»

«ሟቹ አባት ነው» አለ ሊካሳ። «‹ጋሼዬ› በይበት፣ ይገጥማል።»

«‹ጋሼዬ›… አዎ፣ ይገጥማል።» ደገመችው። ከዚያ ወደ ኢሳ ዞር አለች። «ይቺ ሴትዮ ግን ማናት? እንዴት ነው እንዲህ የሠራችው? የት ነው የተማረችው?»

«ካዛንቺስ» አለ ኢሳ። «ሃምሳ ዓመት።»

ኪዱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኢሳ ሄድፎኑን አወለቀ፣ ገመዱን እንደ ልማዱ በክርኑና በመዳፉ መሃል ጠቀለለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ወጣ እንጂ አልተናገረም። ሽንት ቤት የሄደ መስሏቸው ሩብ ሰዓት ጠበቁት። ሌላ ልጅ ጠርተው ቀዱ።

እሑድ ታየ። ከመታየቱ በፊት ቅንጫቢው በየስልኩ ዞረ፤ ከሥሩ «ሐዘን ሲጠና ውሃ» የሚል ጽሑፍ። አይታችሁት ይሆናል። ወዳችሁት ይሆናል።

ጀሚላ ጎተራ ቤቷ ቁጭ ብላ አየችው። መጨረሻ ላይ፣ «ብርነሽ ናት፤ የምታወራው ግን ብርነሽ አይደለችም» አለች። ከዚያ ልጇን አየችው። «አንተ ጋ የእውነቱ አለ አይደል? አሰማኝ።»

«እማ፣ ሟርት ነው አለችኮ።»

«ስለኔ ነው የተባለው። ከኔ ማን ይቀድማል?»

ሄድፎኑን ደፋላት። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ስትጨርስ፣ «ውሸታም። ወንፊቴን ወስዳ እንዳልመለሰች አላለችም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልዘለቀም። «አትደምስሰው። ለማንም አትስጠው» አለችው።

በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ። ሃምሳ አፍ በለጠ ላይ ተከፈተ። «ድንኳናችንን ለውሃ ሻጭ ሰጠህ!» «አሁን ሰው ሲሞት ማን ያምነናል?» በለጠ ራሱን አልተከላከለም። «ወደ ጓሮ ዞሮ እንዲተከል ነግሬ ነበር» እንኳ አላለም። ኢሳ ተነስቶ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቸው ነግረውኝ ነበር» አለ። በመጨረሻ አፉ ተከፈተ! ግን የት? ከሃይለአብ ቢሮ ሳይሆን እኛ ዘንድ፣ ካለፈ በኋላ።

ብርነሽ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ምለህልኝ ነበር» አለችው።

«ድምፅዎን አልሰጠኋቸውም፣ እትዬ።»

«ፊቴንስ?»

ኢሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።  ለዚህ እኔም መልስ የለኝም፤ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

«ፊቴ የኔ፣ አፌ የኔ፣ ጩኸቱ የማላውቃት ሴት» አለች። «ገላን ሕፃናት ‹ጋሼዬ! ጋሼዬ!› እያሉ ይከተሉኛል። እኔ ጋሼ የምለው ሰው ኖሮኝ አያውቅም።»

በለጠ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጥር ላይ ሞተ። ኢሳ ነው የገደለው አልልም፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ልቡም ደካማ ነበር። እኔ የምለው ከሞተ በኋላ ስለሆነው ነው።

ድንኳኗን ተከልናት፤ ሰማያዊው ወደ መንገድ። ጠበቅን። ታክሲዎች አለፉ። ከመስኮት የሚያዩን ሰዎች ይጠቁማሉ፣ ይስቃሉ፣ ስልካቸውን ያወጣሉ። ለቀድሞ ጎረቤቶች ደወልን፤ አንዱ «ደግሞ ቀረጻ ነው? አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ ዘጋ። ሌላዋ «ካሜራ ከሌለ ፎቶ ላኩልኝ» አለች። የለቅሶ ፎቶ! ለሠላሳ ዓመት የሁላችንን ወንበር የደረደረ ሰው፣ ሞቱን በፎቶ እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ።

ብርነሽ መጣች። ሁለት ታክሲ ቀይራ። ጀሚላን ደግፋት ገባች፤ አንዱ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙሾ አልወጣትም። ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ወደ መንገዱ አየች፣ ዘጋችው። «እያዩኝ ነው» አለች። ያን ቀን በለጠ ያለ ሙሾ ተለቀሰለት።

ኢሳስ? አሁን ድራማ አይሠራም፤ የሰርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያል። በዚያች ቀን ምንም ማጉያ አላመጣም። ጎረምሶቹ «ክፍል ስንት ነው?» ያሉ ጊዜ ከድንኳኑ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላውን ሰው ድምፅ ብቻ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ በገዛ ጉሮሮው መጮህ ጀመረ። «የእውነት ነው! ሰው ሞቷል! በለጠ ነው የሞተው! ግቡ!» ድምፁ ጎርናና ነው፤ አያምርም። አንዲት ሴት ቆመች፣ አየችው፣ «ጎበዝ ነው፣ ያስለቅሳል» ብላ ለጓደኛዋ ነግራ አለፈች። እሱ ግን ሳያቆም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጮኸ። አምስት የማናውቃቸው ሰዎች ገቡ። አምስት። ስማቸውን ጠይቄያለሁ፤ አንዱ ከመስቀል አደባባይ ወደ ላይ በእግሩ የሚመለስ አስተማሪ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ፣ «እግዜር ያጥናችሁ፣ ማን ነበር?» አለ። ጀሚላ፣ «ድንኳናችንን የሚያጥፍልን ሰው» አለችው።

ሜሞሪዋ አሁንም ኢሳ ጋ ናት። በጨርቅ ጠቅልሎ የአባቱ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧታል። ሃይለአብ ድራማውን ቀጥሏል፤ ሰዎቹ አሁንም እንደተጠሙ ናቸው።

ከእናንተ አንድ ነገር ነው የምለምነው። ድንኳኗን አሳያችኋለሁ ብዬ ጀምሬያለሁ፤ አሁን ማየቱ ይብቃችሁ። በድሮው ካዛንቺስ ጫፍ ሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈባት አረንጓዴ ድንኳን ተተክላ ካገኛችሁ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና ግቡ። ትሸወዱ ይሆናል፤ ብትሸወዱ የጠፋባችሁ ሩብ ሰዓት ነው። እባካችሁ ግቡና «ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።